ከማማ የወረደው በረኛ

ማለዳ፣ ከሰቆጣ

በረኛ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ወረዳ የተነሣነው ገና ጤዛው ሳይረግፍ ነው። ሁለት ነበርን፤ አሰልጣኝ ጌታሁንና የእግር ኳስ ክለቡ ጸሐፊ እኔ። ቡድናችንን በየዓመቱ የሚያፈርሰው ሽንፈት አይደለም። ግማሾቹ ተጫዋቾች ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ዝውውር ሲደርሳቸው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ሁለት ተከላካዮችና በረኛው ሄዱ። ተከላካዮቹን ከከተማው ልጆች ተካን። በረኛ ግን ጠፋ፤ ውድድሩም ደርሷል። ጌታሁን በቀበሌዎች ግጥሚያ ላይ ያየውን ኪሮስ የሚባል ወጣት ገበሬ ተስፋ አድርገናል።

በአይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ተጓዝን። መንገዱ ገደሉን እየታከከ ይጠማዘዛል፤ ፍየሎች በዘለሉ ቁጥር ሾፌሩ ይራገማል።

ጽጽቃ፣ የዝቋላ ከተማ

ሽሮ በማሽላ እንጀራ በላን። ጌታሁን እንጀራው ደረቀብኝ ብሎ አጉረመረመ።

«ጤፍ ካማረህ መንገዱን ታውቀዋለህ፤» አለችው አስተናጋጇ።

ከዚያ በእግር ሄድን። ኪሮስን ያገኘነው ማሽላው መካከል፣ በአራት እንጨት በተሠራ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር ነው።

«ውረድ እስቲ!» አለው ጌታሁን ኳሷን እያሳየ።

«አባቴ ገበያ ነው። ማሽላው ያለ ሰው አይሆንም።»

«አሁን ትመለሳለህ!»

ወረደ። ሁለት ድንጋይ ጎል አደረግንለት። ጌታሁን መታ፣ ኪሮስ ያዘ፤ መታ፣ ያዘ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት የገባሁት ጎልምሼ ነው፤ ልጅነቴ ያለፈው እንዲህ ያለ ማማ ላይ ነበር። ያም ሆኖ ዞር ብዬ ማሽላውን አላየሁም።

ያነቃን የሽማግሌ ጩኸት ነው። የኪሮስ አባት አባ ኃይሉ ከገበያ ሲመለሱ የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ማሳው ላይ ወርዷል። ልጃቸውን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና እየተቆጡ ሮጡ፤ እኛም እየጮኽን ተከተልን። ወፉ ሲነሣ በአንድ ወገን ያለው ማሽላ ገለባ ብቻ ቀርቶታል።

«ይህ የዓመት ጉርሳችን ነው፤» አሉን በአማርኛ። «ገና ሳትወስዱት እንዲህ ከሆነ፣ ስትወስዱትማ!»

«አባ፣ እንፈራረማለን። ጫማ፣ ማልያ...» አለ ጌታሁን።

«ማልያ ወፍ ያባርራል?»

ጌታሁን ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

«አባ፣ እዚህ ወንፈል እንዴት ነው?» አልኳቸው።

አስተውለው አዩኝ። «እንደ የትም ነው። እጅ የወሰደ እጅ ይመልሳል።»

«እንግዲያው ኪሮስን በወንፈል ይስጡን። እስኪታጨድ ድረስ ተጫዋቾቻችን በየተራ ማማው ላይ ይቆማሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ? ወፍ ቀጠሮ አይሰጥም።»

ጌታሁን ጃኬቱን አወለቀ። «እኔ እቀራለሁ።»

«ወንጭፍ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ድምፅስ አለህ?»

«ለድምፁ እኔ ዋስ ነኝ፤» አልኩ። ዳኞች በየጨዋታው እንዲቀንስ የሚለምኑት ሰው ነው። አባ ኃይሉም «ይሁን» አሉ።

ከኪሮስ ጋር ዳገቱን ስንጀምር ከኋላችን ጌታሁን በወፎቹ ላይ ሲጮኽ ተሰማን፤ «በግራ በኩል ዝጋው! ዝጋው አልኩህ!» አባ ኃይሉ እየሳቁ ነበር። ኪሮስ ግን አልሳቀም፤ ማማውን ዞሮ ዞሮ አየና ተከተለኝ።

በማግስቱ፣ ሰቆጣ

ሜዳው ላይ ስንደርስ ተጫዋቾቹ እያሟሟቁ ነበር።

«አሰልጣኙስ?»

«ማማ ላይ ነው፤ ወፍ ይጠብቃል።»

ሳቁ። የሆነውን ስነግራቸው ግን ማሟሟቁን ትተው ከበቡኝ። የጎደለብንን ቦታ ስንሞላ የሰው ማሳ እንደምናጎድል እኔም የተረዳሁት በዚህ ጉዞ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው አምበላችን ነው፤ መምህር ነው፤ እሱም ዝውውር ጠይቆ እየጠበቀ ነው።

«ነገ እኔ እተካዋለሁ፤» አለ።

ኪሮስ ወገቡ ላይ የጠመጠመውን ወንጭፍ ፈትቶ ሰጠው። አምበሉም የሄደውን በረኛ ጓንት አምጥቶ አቀበለው። ጠበበው። አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ባዶ እጁን ጎሉ መካከል ቆመ።