ጥላ ውስጥ ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች

ሃያ ስድስት ዓመት ከመካነ ሰላም ደሴ አውቶቡስ ስነዳ፣ እግር የተፈጠረው ፔዳል ለመርገጥ ይመስለኝ ነበር። ከቤቴ እስከ ገበያው ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በባጃጅ ነበር የምሄዳት። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ካጋጠመኝ ሥራ ፈት ብዬ እሰድበው ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ግራ እግሬ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሐኪሙ በየቀኑ እንድራመድ መከረኝ። አዲስ አበባ ያለው ልጄ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ አዘጋጅቶልኝ ነበር። «አባባ፣ እስከ ጥምቀት በዓል ድረስ፣ ገበያው ብቻዎን ደርሰው መመለስ ካልቻሉ እወስድዎታለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ እናቱ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መኖሬ እንቅልፍ ነስቶታል። እኔ ደግሞ እዚያ ፎቅ ላይ ተቀምጦ መዋል ከሞት እኩል ሆኖ ታየኝ።

መስከረም ላይ በከዘራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ደግነቱ ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ወንበር አውጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ነበር። «አረፍ ይበሉ፣ እኔ ልገባ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ ትንሽ ራቅ ስል አናጢውም ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ። ወደ ገበያው በቀረብኩ ቁጥር ፀሐይ የሚሞቀው ሰው በዛ። እኔም የዘንድሮው ብርድ ሰውን ሁሉ ከቤት አወጣው እያልኩ ባገኘሁት ወንበር አርፋለሁ።

አንድ ጠዋት ሼሁ በለቀቁልኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ በረደኝ። ቀና ብዬ ሳይ የተቀመጥኩት ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐዩ ከመንገዱ ማዶ ነበር።

«ሼሁ፣ የትኛውን ፀሐይ ነው የሚሞቁት?» አልኳቸው።

ሳቃቸው አመለጣቸው። ለካ ሙስሊም ክርስቲያኑ አብሮ ሬሳ የሚያነሳበት የሰፈራችን ቅሬ መክሮበት ኖሯል፤ ወንበሮቹ የሚወጡት ለኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ምጽዋት የጠየቃችሁ አለ ወይ ብዬ ተቆጣሁ።

«ተቀመጥ፣ አላህ አፊያ ያድርግህና» አሉኝ። «ስትሞት ቃሬዛህን መሸከማችን አይቀርም። ቁመትህን አየነው፣ ውፍረትህን አየነው፤ ወንበሩ ይቀላል ብለን ነው።»

መቆጣቱን ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ፤ ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲያ ወንበር ሲለቁልኝ አመሰግናለሁ እንጂ ሰበብ አልጠይቅም።

ኅዳር ላይ መንገዳችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ያሰበው መኪና እንዲያሳልፍ ነበር። ቅሬው ተሰብስቦ፣ መንገዱ የእግረኛ ይሁን፣ በየጥቂት ደጃፉም የድንጋይ መደብ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። መኪና እንዳይገባ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ፣ አሮጌው ሹፌር ነኝ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን አለፈ። ማዘጋጃ ቤቱም እሺ አለን። ድንጋይ መሸከም ስለማልችል የኔ ድርሻ መቀመጥ ነበር፤ ግንበኞቹ ከእያንዳንዱ መደብ ላይ እያስቀመጡ እያስነሱ፣ ደካማ ጉልበት በሚያነሳው ልክ ከፍታውን ለኩብኝ።

ለጥምቀት ልጄ መኪና ይዞ መጣ። «እስቲ ተከተለኝ» አልኩት። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን፣ ሁለት ቦታ አርፌ ገበያው ጫፍ ደረስን። የመጨረሻው መደብ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ኖሮ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ትንፋሼን ያዳምጣል።

ከገበያው በኩል አንዲት ባልቴት እህል አዝለው ብቅ አሉ። ላብ በላብ ሆነዋል። ሳላስበው «ኖር!» ብዬ ተነሣሁ። ልጄ ሊደግፈኝ እጁን ሲሰድ ቆሜ አገኘኝ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉና እኔ በለቀቅሁት ቦታ ላይ ሸክማቸውን አሳርፈው ተቀመጡ።

ልጄ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ለረጅም ጊዜ እግሬን አየ።

«አባባ» አለኝ፣ «ከበዓሉ በኋላ ብቻዬን ነው የምመለሰው።»