ለእግር ጉዞም ለስልክም አንድ ማዳመጫ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጡኝ መሣሪያዎች የካርቶን መቅደጃ ቢላዋና የዋጋ ወረቀት መለጠፊያ ነበሩ። ቦታው እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አፍሪዳር በሚባለው ሰፈር የንግድ ማዕከል ውስጥ ያለች የስልክና የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ናት። እኔ ሰልጣኝ፤ ከእኔ በላይ ሻጭ፤ ከሻጩ በላይ አኽማሽ የምንለው የፈረቃ ኃላፊ፤ ከሁላችንም በላይ ሥራ አስኪያጁ ሺሞን። በጠቅላላ አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችንም ማዕረጋችን ለየቅል ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከአጋሚም ሰፈር የመጡ የኛው አገር ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቻርጀር ገመድ ፈለጉ። እኔም እንደ ወጉ ጤናቸውን፣ የቤተሰባቸውን ጤና፣ ወታደር ቤት ያለውን ልጃቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ጠየቅሁ። እሳቸውም በተራቸው ጠየቁኝ። ቀና ስል ከኋላቸው አምስት ሰው ተሰልፏል። ሺሞን ጠጋ አለና ስሜን ጠርቶ በዕብራይስጥ፣ «በላይ፣ ገመድ ነው የምትሸጥላቸው ወይስ ልጅ ልትድርላቸው ነው?» አለኝ።

ሽማግሌው በማግስቱ ሚስታቸውን፣ በሳምንቱ ደግሞ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ሺሞን ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬ ሲረዝም ሰዓቱን እያየ ዝም ማለትን ለመደ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የሱቁ የኦዝኒዮት ሰው ሆንኩ። ኦዝኒዮት እዚህ አገር የጆሮ ማዳመጫ መጠሪያ ነው፤ እናቶቻችንም ልጆቻችንም የሚሉት እንደዚያ ነው። ማዕረጉን የሰጠኝ ችሎታዬ እንዳይመስላችሁ። ሌሎቹ ስልክ መሸጥ ስለሚወዱ የተረፈው ለእኔ ደረሰ።

ሥራው ሰው ያሳያል። ጎረምሳው ጂም ሊገባበት ይመጣና መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀለሙን ነው። ሌላው የቀኙን በግራ ጆሮው ሰክቶ «ይሄ ነገር ይወድቃል» ይላል፤ ገልብጬ ስሰካለት ደግሞ «አሁን ጠገንከው» ብሎ ያመሰግነኛል። እኔም ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው «አንድ ስጠኝ፤ ለስፖርትም ለስልክም የሚሆን» የሚለው ደንበኛ ነው። ለስፖርት የሚሆነው ላብ የሚችል፣ ጆሮ ላይ ጠብቆ የሚቀመጥ፣ ብስክሌት ከኋላ ሲመጣ የሚያሰማ መሆን አለበት። ለስልክ የሚሆነው ደግሞ ነፋሱን ትቶ የሰውየውን ድምፅ ብቻ የሚወስድ ማይክሮፎን ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ባልደረቦቼ «መጋዘን ልይልዎት» ብለው ይገባሉ፤ አይመለሱም።

እትዬ ዘውዴም የመጡት በዚሁ ጥያቄ ነበር። አፍሪዳር ውስጥ አንዲት አሮጊት የሚንከባከቡ፣ ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ሐኪም ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይራመዱ ብሏቸዋል። ያለቻቸው ነፃ ጊዜ ደግሞ አሮጊቷ ከሰዓት በኋላ የሚያሸልቡባት አንድ ሰዓት ብቻ ናት።

«ያቺኑ ሰዓት ነው ወንድም ጋሼም የሚጠብቀኝ» አሉኝ።

ወንድማቸው ጋሼ አዳነ ጎንደር ናቸው። እናታቸው ያረፉት እትዬ ዘውዴ እዚህ አገር በገቡ በወሩ ነበር፤ ለቀብር መመለስ አልቻሉም። ወንድማቸው በዚህ ተቀይመው ስንት ዓመት አላናገሯቸውም። በመጨረሻ ሽማግሌዎች በስልክ ገብተው አስታረቋቸው። የጋሼ አዳነ ቃል አንድ ነበር፤ በየቀኑ ራሷ ደውላ ድምፅዋን ታሰማኝ።

«እንግዲህ ከሐኪሙና ከወንድሜ ማንን ልተው?» አሉኝ።

«ማንንም አይተዉም» አልኳቸውና ከመስታወቱ ውስጥ ውዱን ዕቃ አወጣሁ። ጆሮ ውስጥ የምትገባ፣ ሦስት ማይክሮፎን ያላት፣ ከንግግር በቀር ሌላውን ድምፅ ሁሉ የምትቆርጥ። ባሕር ዳር ማዕበሉ እየጮኸ ቢያወሩ ወንድምዎ ሳሎን የተቀመጡ ይመስላቸዋል ብዬ ማልኩ። ልካቸው የሆነውን ጎማ መርጬ አስገባሁላቸው፤ ጭንቅላታቸውን አስነቀነቅኋቸው፤ አልወደቀም። የዚያን ዕለት በራሴ የኮራሁትን ኩራት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና፣ «በላይ፣ ዕቃህ ከወንድሜ አጣላኝ» አሉኝ።

«ምነው እትዬ፣ ምን ሆነ?»

«እኔ እየሰማሁት እሱ ዝም አልሽኝ ይላል። ባለፈው ስለ እናታችን የመጨረሻ ቀኖች ሊነግረኝ ጀመረ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም፤ እኔም ደፍሬ ጠይቄው አላውቅም። እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ‹ኮርተሽብኛል፤ ለእናትሽ ሞት እንኳ እህ የምትይበት አፍ የለሽም› ብሎ ዘጋብኝ። ይኸው ስደውል አያነሳም። ሽማግሌዎቹን ሁለተኛ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እኔም ሻጭ ሁሉ ዕቃው ሲነካበት የሚለውን አልኩ። «የጎንደር ኔትወርክ ይሆናል።»

ሺሞን መጣ። ማዳመጫውን አጸዳዳና በራሱ ስልክ ሞከረው፤ ዘፈን ከፈተ፣ ሚስቱ ጋ ደውሎ አወራ። «እንደ ሰዓት ይሠራል» አለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመ፤ ጆሮ ውስጥ የገባ ዕቃ አይመለስም፣ የንጽህና ጉዳይ ነው። እውነቱን ነበር። እትዬ ዘውዴ ዕንባቸው መጣ፤ እኔም አፈርኩ።

«አንድ ጊዜ ይስኩትና እኔ ልደውልልዎት» አልኩና መጋዘን ገባሁ። ደወልኩ። ሰላምታውን አደረስን፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ እንደ ወንድማቸው ረዘም አድርጌ ወሬ ጀመርኩ፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ሺሞን ቁጣ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው። ከዚያ ወገን ምንም የለም። «ይሰማሉ እትዬ?» ዝም። «አሉ?» ዝም።

በበሩ ብቅ ብዬ አየኋቸው። ስልኩን ይዘው በጥሞና ቆመዋል። «ለምን አይመልሱልኝም?» አልኳቸው።

«እየመለስኩልህ እኮ ነው! ሌላ በምን ልመልስልህ?» አሉና፣ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው አሳዩኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ሰው ሲናገር በመሃል ቃል አናስገባም። አየር ወደ ውስጥ እየሳብን በዚያው በትንፋሽ አዎ እንላለን፤ ሰሚው መስማቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ያ ውድ ማዳመጫ ደግሞ ቃል ያልሆነውን ሁሉ ነፋስ ነው ብሎ ይቆርጣል። ጋሼ አዳነ የእናታቸውን ሞት ሲያወሩ እህታቸው በእያንዳንዱ ነገር አዎ እያሉ ነበር፤ የሸጥኩላቸው ዕቃ አንዷንም አላሳለፈም። ከተወለድኩ ጀምሮ በትንፋሽ አዎ ስል የኖርኩ ሰው ይህን አለማሰቤ የሚገርም ነው። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አዎን በዕብራይስጥ «ኬን፣ ኬን» ስል ውዬ ረስቼው ይሆናል።

ለሺሞን አስረዳሁት። እሱም፣ «ማለት እናንተ እንደዚያ ስትተነፍሱ አዎ ማለታችሁ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ዋጋዬ እያስደነገጣችሁ ነበር የመሰለኝ።»

ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ሣጥኑን አነሳና ለማሳያ ይሁን፣ ሌላ እንለውጥላቸው ብሎ መስታወት ውስጥ አስገባው፤ ወረቀቱ ስለማሳያ ዕቃ የሚለው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ፍለጋ ገባን። እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ አወራለሁ፣ እትዬ ዘውዴ ሱቅ ውስጥ እየተመላለሱ በትንፋሽ አዎ ይላሉ፣ እኔ የተሰማኝን ካርቶን ላይ እጽፋለሁ። ባለገመዷ ትንፋሹን በደንብ አሳለፈች፤ ነገር ግን እጃቸውን ባወናጨፉ ቁጥር ገመዷ እየተያዘ ከጆሯቸው ትነቀላለች። ትልልቆቹ ጆሮ ሸፋኞች በአምስት ደቂቃ አላቧቸው። አፍ ድረስ የሚደርስ ዘንግ ያላት ደግሞ አንዲትም ትንፋሽ አላሳለፈችም። ተራ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ደንበኛ አስም የተነሳባቸው መስሏት ውሃ አቀበለቻቸው። እትዬ ዘውዴም አመስግነው ጠጡ።

መጨረሻ ላይ ያገኘናት መካከለኛ ዋጋ ያላት፣ ጆሮ ውስጥ ሳትገባ ጉንጭ አጥንት ላይ የምታርፍ አንዲት ናት። ላብ ትችላለች፤ ጆሮ ክፍት ስለሆነ ብስክሌት ያሰማል፤ ማይክሮፎኗ አንድና የቆየ ስለሆነ ትንፋሹን አልቆረጠችም። ነፋሱንም አልቆረጠችም። ይህን አልደበቅኋቸውም። «ባሕሩ ዳር አይሂዱ፤ በቤቶቹ መካከል ይራመዱ» አልኳቸው።

«ባሕሩ ይቅር» አሉ።

ቀረ ጋሼ አዳነ። የእህታቸውን ቁጥር አያነሱም፤ ስለዚህ ማዳመጫዋን ከእኔ ስልክ ጋር አገናኝቼ በእኔ ቁጥር ደወልኩ። አነሱ። ስሜንና ሥራዬን ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ እህታቸው አንድም ቀን ዝም እንዳላሉ፣ ማሽኑ እንደበላው አስረዳሁ።

«ማሽን ትንፋሽ ይበላል እንዴ?» አሉኝ።

«ውድ ሲሆን ይበላል ጋሼ።»

«አለች አጠገብህ?»

ማዳመጫዋን ከራሴ ላይ አውልቄ ለእትዬ ዘውዴ አደረግሁላቸው። ጋሼ አዳነ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። እትዬ ዘውዴ ግን ቻርጀሮቹ በተሰቀሉበት መደርደሪያ በኩል ዞሩና ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙ። ከዚያ ፊታቸው በዕንባ ታጠበ፤ ወደ እኔ ዞር ብለው የማዳመጫዋን ማይክሮፎን በእጃቸው ሸፍነው፣ «ከመጀመሪያው ሊነግረኝ ነው» አሉኝ።

ሺሞን ሳይጠየቅ የሱቁን ሙዚቃ አጠፋ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚገባውን ደንበኛ ቀስ ብሎ እንዲናገር እለምን ጀመር። እትዬ ዘውዴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው በትንፋሽ አዎ ሲሉ ቆዩ፤ እናታቸውን የቀበሩት ያን ቀን ነው።

እናንተ አሁን ከባንኮኒው ጀርባ የምትቆሙ ልጆች፣ ማዳመጫ ከመሸጣችሁ በፊት ደንበኛው ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠይቁ፤ ከዚያ ደውሉለትና እናንተ ጋ የሚደርሰውን አዳምጡ።