ከኮርቻ ሥር የተደበቀው በርኖስ

ከጣሊያን በፊት ባሉት ዓመታት ነው። ናዝሬት በዚያን ቀን ግድግዳው ሳይቀር የሚያልበው ይመስል ነበር። በእንዲህ ያለ ሙቀት ለጭላሎ ተራራ ብርድ የሚሆን ልብስ ማሰናዳት፣ ጠግቦ ሳለ ለረሃብ እንደ መሰነቅ ነው፤ እጅ ወፍራሙን ሁሉ ይጠየፋል። እኔ ቡልኮ ሣጥኑ ውስጥ ስከት እናቴ ታወጣለች። በምትኩ ጥልፍ ቀሚስ፣ ባለ ሐር ጥለት ኩታና የከፋይ ካባ ትደረድራለች።

«የእህትሽ አማቶች ደጅ እንደ ሽፍታ ተጀቡኜ ልግባ?» አለችኝ።

እህቴ ከሁሩታ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ላለ ባለርስት ልጅ ተድራ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ክርስትናው ደርሷል። ሹመት የነበረው አባቴ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቤት «የቆላ ድሆች» ተብለን እንደምንታማ እናቴ ሰምታለች። ስለዚህ ልብሱ የሚመረጠው ለብርዱ ሳይሆን ለእነሱ ዓይን ነበር። እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ ደረቷ ደካማ ነው፤ ብርድ ከነካት ሳሉ ቶሎ አይለቃትም። ለሚስል ሰው ደግሞ ጨቅላ ማን ይሰጣል? ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ደግሞ በክርስትናው ጠዋት ታቅፋው ቤተ ክርስቲያን ስለመሄድ ካልሆነ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

የአባቴ ጥቁር በርኖስ ጫፉን ብል በልቶታል። «ይህንንማ እንዳላይ!» አለች። እኔም እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት በቅሎዬ ስትጫን አጣጥፌ ከኮርቻዬ ሥር ደለደልኩት።

አዋሽን ተሻግረን ሁሩታን እስክናልፍ ድረስ እናቴ በፍርሃቴ ስትስቅብኝ ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ፀሐይ ነበረች፤ ወዲያው ጉም መጣ፤ ከዚያ በረዶ። ሣጥኑን የጫነው አጋሰስ ከነጂው ጋር ልብስ የምንለውጥበት ቦታ ሊጠብቀን ቀድሞ ሄዷል። የእናቴ ነጠላ ከገላዋ ተጣበቀ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ወርጄ ኮርቻውን ፈታሁና በርኖሱን አወጣሁት። በበቅሎዋ ገላ ሞቆ ነበር።

«የአባትሽ በርኖስ ላይ ተቀመጥሽበት?» ብላ በአለንጋዋ ትከሻዬን ሸነቆጠችኝ።

«ምቺኝ፤ ግን ልበሺው። ከመሞት መሰንበት!»

ለበሰችው። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ተዋት። አሁን ሳለች፣ አሁን ሳለች እያልኩ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ከኋላዋ ተከተልኩ። አልሳለችም።

ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ ደጁ ሳይደርስ ከዛፍ ሥር ወርዶ የመንገድ ልብሱን መለወጥ ወግ ነው። አጋሰሱን ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቆሞ አገኘነው። የባለርስቶቹ ቤት ጢስ ከዚያ ይታያል።

«እማዬ፣ እንዳታወልቂው። እግርሽን ልሳም! ልጁን አስቢ።»

«ልጁንማ እያሰብኩ ነው። አያትህ ለማኝ ነበረች እንዲሉት ነው?»

አወለቀች። እርጥብ ገላዋ ላይ ነጩን ጥልፍ ቀሚስ ስትለብስ ነፋሱ ከተራራው ወረደ። የካባውን ቁልፍ በንዴት ቆለፍኩላት። ይሉኝታ የሚባል ነገር የጠላሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የእህቴ አማት ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። የተከናነቡት ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ነበር፤ እናቴ ከሣጥኑ ያወጣችው ቡልኮ ከእሱ ይሻላል። በዚያ ብርድ ጌታውም ሎሌውም እንዲሁ ነው የሚለብሰው። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እጅ ልትነሳ ጎንበስ ስትል ሳሉ ያዛት።

በክርስትናው ጠዋት ከመደቡ መነሳት አልቻለችም። አማትየው ልጁን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም።

«እመቤቴ፣ ሲሻልዎት ያቅፉታል። አሁን ግን ለልጁ ፈራሁ» አሉ።

«ልክ ነዎት» አለች እናቴ፣ አፏን በዚያ በሐር ጥለቱ ኩታ ሸፍና።

ውጪው ጉም ነበር። አማትየው ለልጁ የሚደርቡለት ወፍራም ነገር ሲፈልጉ እሳት ዳር እንዲደርቅ የሰቀልኩትን በርኖስ አዩ። «እንዴት ያለ ደግ ልብስ ነው!» ብለው፣ ብል የበላውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ልጁን ጠቀለሉበት።

እናቴ ከበሩ እስኪወጡ ድረስ ዓይኗን ከበርኖሱ አልነቀለችም።

«እኔ ባላቅፈው አባትሽ አቀፈልኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።