የከሰስኳት ስለ ወፍ ነው

በጠዋት ወታደሮች «ለምስክርነት ይፈለጋሉ» ብለው ከመንደሬ ከዲማ ወሰዱኝ። ቀትር ሳይሆን ተቆልፎብኝ ነበር።

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥጉ የነቀዘ ስንዴ ይሸታል። መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኖ ከላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አንዲት ሴት አየሁ። ሁለት ጊዜ ቀበሌ ድረስ ሄጄ የከሰስኳት መምህርት ናት።

«እርስዎም ገቡ?» አለችኝ።

«አንቺን ላስገባ ብዬ።»

ደብረ ማርቆስ የምታስተምር የወፍ ተመራማሪ ነች። ከቤተ ክርስቲያናችን ጥድ ላይ ቀጭን መረብ ዘርግታ ወፎቹን እየያዘች፣ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት እያሰረች ትለቃቸዋለች። እኛ ዘንድ ደብር የገባ ሽፍታ እንኳ አይያዝም። የከሰስኳት በዚህ ነው፤ በሌላ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ደግሞ ከመኪናው መንገድ በላይ ነው፤ ሠራዊት ያልፍበታል። ወታደሮቹ ደብተሯን ገልጠው «ሃያ ሦስት፤ ከምሥራቅ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት» የሚል አገኙ። ሃያ ሦስት ምን? አሏት። ወፍ ብትላቸው ሳቁባት።

«እውነት ወፍ ነው?» አልኳት እኔም።

«ወፍ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን አድርገውሽ ታስሪያቸዋለሽ?»

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀስ እያለች ነገረችኝ። አሥራ አንድ ዓመት በማሌዥያ ጫካ ወፍ ስታጠና ኖራለች፤ አልቅት እግሯን እየመጠጣት። አባቷ ሲቀበር እንኳ እዚያው ነበረች። ምንቃሯ ላይ ቀንድ ያላት ወፍ አለች አለችኝ፤ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና ደጁን በጭቃ ትደፍነዋለች። ባሏ በጠባቧ ሽንቁር ፍሬ እያጎረሳት ጫጩቷን ታሳድጋለች።

«በዓመቱ እዚያው ዛፍ ላይ አንዷን አየሁ። ያችው መሆኗን ያወቅሁት በቀለበቷ ነው። አገሬ የተመለስኩትም የሰው አገር ወፍ ለይቼ የራሴን ባለማወቄ አፍሬ ነው።»

ቀዳዳዋን ቀና ብዬ አየሁ። «ያቺስ ራሷ ነች የደፈነችው፤ ስትፈልግ ትወጣለች» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የልጄ እኩያ ነው።

«ቃልዎ ተጽፏል፣ እማማ። አሻራዎን እዚህ ያሳርፉና መኪና ቤትዎ ያደርስዎታል።» በቀለም የተነከረ ስፖንጅ ወደ እኔ ገፋ።

«ሳላነበው?»

«ያነባሉ እንዴ?»

«ቀስ ብዬ።»

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጣቴን ከየፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። እሱ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይመታል። ወረቀቱ «ሴትዮዋ በመነጽር ሠራዊት ስትቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ወፍ የሚለውን ቃል ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። መረቡም፣ ጥዱም የለም።

«ወፎቹ የታሉ?»

«እማማ፣ ቀልዱን ይተዉት። ከሳሿ እርስዎ ነዎት።»

«ነኝ። መረብ ዘርግታለች፤ ነገም እከሳታለሁ። ወታደር ቆጠረች ግን አላልኩም።»

«እንግዲያው ከእሷ ጋር ይቆያሉ።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ ከወረቀቱ ግርጌ «የከሰስኳት ስለ ወፍ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜንም ከነአባቴ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፤ ጊዜ ፈጀ። እስክጨርስ ለምን እንዳልነጠቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔን በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ለቀቁኝ። እሷ እዚያው ከረመች።

ባለፈው ኅዳር ተፈትታ ወደ ደብራችን ተመልሳ መጣች። ብዙ ተከራክረን፣ መረቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እንዲሆን ተስማማን። የያዘቻትን አንዲት ወፍ አስጨበጠችኝ፤ ልቧ ያን ቀለም ያልነካውን አውራ ጣቴን ይመታዋል። እግሯ ላይ ከመታሰራችን በፊት ያሰረችላት ቀለበት አለ።

«ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አለችኝ ደብተሯን ገልጣ።

ቀስ ብዬ አነበብኩላት። እሷም እንዳልኳት ጻፈች።