መስመሩ ሰባት እርምጃ ሲቀረው

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ጉዳይ ነበረኝ። ጉዳዬን ጨርሼ ወደ መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት አንድ ሻይ ቤት አረፍ አልኩ። ቴሌቪዥኑ ሩጫ ያሳያል። አንዲት ሯጭ መድረሻው አጠገብ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች፤ ሰደርያ የለበሱት በጎ ፈቃደኞች ቆመው ያያሉ። ቤቱ በአንድ አፍ አወገዛቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንጀት የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች፣ እትዬ?» አለኝ። ሻዬን አማሰልኩ። እኔ እኮ እንዲህ የወደቀች ሯጭ ያነሳሁ ሰው ነኝ።

ሃያ ዓመት አልፎታል። ከኮሌጅ ተመርቄ የመምህርነት ምደባ እየጠበቅሁ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከየአገሩ ሯጮች ለሚመጡበት ትልቅ ውድድር በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። ነገር ማየት ነፍሴ ነው፤ በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። ቢጫ ሰደርያ ሰጡኝና ከአንዲት ሯጭ ጋር መደቡኝ።

ማሌና ትባላለች። አገሯ ባሕር መሃል ያለች ደሴት ናት፤ ካርታው ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ብፈልጋት አጣኋት። ከአገሯ የመጣችው ሯጭ እሷ ብቻ፣ አብሯት ያለውም አንድ አሠልጣኝ ብቻ። እኔ ስለ ባሕሩ እጠይቃታለሁ፣ ጨው ውኃ ውስጥ ዓሣው እንዴት እንደሚኖር፤ እሷ ስለ እኛ አገር ትጠይቀኛለች። ከቤታችን ብዙ የማይርቀውን የዘንገናን ሐይቅ በእስክሪብቶ ስዬ፣ ጥልቀቱን ማንም እንደማያውቀው ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። ከአገሬ ከእንጅባራ ይዤው የሄድኩትን የገብስ ቆሎ አቀመስኳት። አሠልጣኟ ሆዷን እንዳያማት ፈርቶ ተቆጣ፤ እሷ ግን እየደበቀች ስትቆረጥም ውላለች።

አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ፣ ታሸንፊያለሽ ወይ አልኳት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር የምናወራው። ሳቀች። ከመጨረሻዎቹ አንዷ እንደምትሆን ታውቃለች። የሚፈለግባት መጨረስ ብቻ ነበር። ከጨረሰች ስሟ ከአገሯ ስም ጋር፣ ከነደረጃ ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ይገባል። ካልጨረሰች ግን የአገሯ ሹማምንት፣ ሴት መላክ ኪሳራ ነው ብለው ሊተዉት ተዘጋጅተዋል። ይህን የነገረችኝ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጋ ነው።

እንግዲህ የእኔን ነገር ለመረዳት እንጅባራን ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ያደገ ሰው ውድድር ሲባል የሚያውቀው የፈረስ ነው። ጋላቢ ከወደቀ የማንም ወገን ይሁን ቅርብ ያለው ሮጦ ያነሳዋል፤ ቆሞ ያየ ሰው ለዓመት የገበያ ወሬ ይሆናል። አባቴ ራሱ ፈረሰኛ ነበር። አንድ ጥር ላይ እየመራ ሳለ ዞሮ ተመልሶ፣ ከኋላው የወደቀውን ተፎካካሪውን አንስቷል። ቤታችን ውስጥ የሚወራው ይኸው እንጂ ያሸነፈባቸው ዓመታት አልነበሩም።

ሥልጠናው ላይ መስመሩን ያላለፈ ሯጭ እንዳንነካ፣ የተደገፈ ሯጭ እንደሚሰረዝ ተነግሮናል። አልሰማሁም አልልም። በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

የውድድሩ ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ከመድረሻው ጎን ቆሜያለሁ። ብዙዎቹ ገብተው ካለቁ በኋላ ማሌና ብቅ አለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል፣ እግሯ ይጠላለፋል። መስመሩ ሰባት እርምጃ ሲቀረው ወደቀች። ሰዉ ጮኸ። እኔ ያሰብኩት ነገር የለም፤ ሳላውቀው ብብቷ ሥር ገብቼ ቀና አድርጌያታለሁ፣ ደግፌም እስከ መስመሩ አድርሻታለሁ። ሰባቱን እርምጃ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቀና ስል አሠልጣኟ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ዳኛውም ወረቀቱ ላይ ይጽፋል።

በማግስቱ አየር ማረፊያ የሸኘኋት እኔው ነኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። የፈረሱን ነገር፣ የአባቴን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «ልነሳ ነበር እኮ» አለችኝ። «ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር።»

ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። እንጅባራ ተመልሼ ለአባቴ ስነግረው፣ «እኔም አነሳት ነበር» አለኝ። እንዲያጽናናኝ ያለው ነው፤ አላጽናናኝም።

ከዳንግላ እንደተመለስኩ የእህቴን ልጅ፣ በስልክሽ እስኪ አንድ ነገር ፈልጊልኝ አልኳት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማወቅ እየጓጓሁ ስፈራው የኖርኩት ነገር ነው። ኔትወርኩ እያንቀራፈፈ ቆይቶ ያ ዝርዝር መጣ። የሁሉም ስም ፊት ቁጥር አለ፤ የማሌና ፊት ግን፣ ተሰርዛለችና፣ ባዶ ነው። ቀጥሎ ያሉትን ውድድሮች አስፈለግኋት። አገሯ የለችም። በሚቀጥለውም የለችም። ከስንት ውድድር በኋላ ከዚያች ደሴት ሁለት ሴቶች ተገኙ፤ ሁለቱም ጨርሰዋል።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ አክስቴ?» አለችኝ ልጅቷ።

የማሌናን ስም ሌላ ቦታ ፈልጊ አልኳት። ፈለገች፣ ደጋግማ ፈለገች። ስሟ ያለው እዚያ፣ ያ ባዶ ያለበት ዝርዝር ላይ ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ ሰው ሲወድቅ ሳይ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ በዚህ ዕድሜዬ ልለውጠው አልችልም፣ ልለውጠውም አልፈልግም። አጠገቡ ስደርስ ግን እጄን እሰበስብና ጎንበስ ብዬ፣ ላንሳ ወይስ ልተው ስል እጠይቃለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ምኑ ይጠየቃል ይለኛል። እኔ መልሱን እጠብቃለሁ።