ይታይሽና ደለል ባንድ

ይታይሽ ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን የምታሠራ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ልብስ እሰፋለሁ። ስለዚህ የደለል ባንድን ታሪክ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ።

ባንዱ የተቋቋመው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ያየህ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ ጊታሩን ይዞ መጣ፤ በር በያጁ ሰውመሆን ደግሞ ጉሮሮውን አዋጣ። የሚጫወቱት ሄቪ ሜታል ነው። ለማታውቁት፣ ጊታሩ ያጓራል፣ ዘፋኙ ከሱ ብሶ ይጮኻል፣ ድራም መቺዋ ይታይሽ ሁለቱንም ታባርራለች። ጎረቤት እንዳይሰማን ብለው ማሽኑ እየሠራ በመፈልፈያው ጓሮ ይለማመዱ ነበር። እኔ ግን ማሽኑንም እነሱንም እሰማ ነበር። መራገሜን አልደብቅም።

ባለፈው ጥር በከተማው አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቀረቡ። የይታይሽ አባት አያ ባየህ ከገጠር ቀበሌያቸው ከቁሐር ሚካኤል ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ዘፈኑ ከተጀመረ ደቂቃ ሳይሞላ ይታይሽ ምቱ ጠፋት። አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትዘገያለች። መሀል ላይ አቆሙት። ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄአለሁ፣ አሁን ያሳፍረኛል።

ነገሩ የገባት በማግስቱ ማሽኑን ስታስነሳ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ምቱን ይዞላት የኖረው ማሽኑ ኖሯል። እሷ እሱን እየተከተለች ትመታ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ማሽን የለም።

አያ ባየህ ግን ምክንያት አልሰሙም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የጀመርሽውን ዳር ካላደረስሽ ተዪው፤ እኔ ዳግመኛ ሰው ፊት አንገቴን አልደፋም» አሏት። የያየህና የሰውመሆንም ልብ ቀዘቀዘ። ይታይሽ ግን፣ «አንድ ዘፈን፣ ያለ ማሽን፣ እስከ ዳሩ። ከዚያ ብትበተኑም ተበተኑ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት ብቻዋን ትመታለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ድራሙን ሸፍና የሩዝ ከረጢት መምታት ቀጠለች። አሥር ጊዜ ብትሳሳት በአሥራ አንደኛው ትጀምራለች። ግትር ናት፤ ግትርነቷን ወደድኩላት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ሰው ሩዙን ይዞ ተሰልፏል። አያ ባየህም ወረፋው መሀል ናቸው። ያየህና ሰውመሆን ለልምምድ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። ድንገት መብራት ሄደና ማሽኑ ጭጭ አለ፤ እኔም ስፌቴን ትቼ ብቅ አልኩ። ይታይሽ ፊቷን ጠረገች፤ ድራሟን ከጓሮ እየጎተተች አምጥታ ወረፋው ፊት ደረደረችው።

«ጊታሩ ያለ መብራት በምን ይጮኻል?» አለ ያየህ።

«አይጩህ። ጀምር።»

መታች። የጊታሩ ክር እንደ ትንኝ ጢዝ ይላል፤ ሰውመሆን ያለ ማይክራፎን የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይጮኻል። አንዲት እናት አማተቡ። ይታይሽ ግን ንቅንቅ የለም። አዳራሹ ውስጥ የጠፋባት ቦታ ደረሰ። አለፈችው! እንባዬ መጣ፣ ምን ልዋሽ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወረፋው በሙሉ ወደ አያ ባየህ ዞረ።

«ዳር ደረሰ?» አሉ።

«ደረሰ፣ አባ።»

አያ ባየህ ከረጢታቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«እንግዲያ ድገሚያት። መብራቱ እንደሁ አልመጣ።»