መታጠፊያው ላይ የሚቆመው ሰው

ወደ ሶዶ በሚኒባስ የምንመላለስ ሁሉ እናውቀዋለን፤ ስሙን የጠየቀው ግን የለም። ወደ ገጠር ቀበሌው የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ከአስፋልቱ በሚገናኝበት መታጠፊያ ላይ፣ የሴት ነጠላ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ይቆማል። ካፖርቱ አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ ጠፍቷል። ነጠላው ግን ሁልጊዜ የታጠበ ነው።

አንድ ቀን ጎማችን እዚያው ተነፈሰና ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት።

«አምቡላንስ» አለኝ። «መታጠፊያውን አያውቁትም። ምልክት የሚያሳይ ሰው ካልቆመ ያልፋሉ። ነጭ ከሩቅ ይታያል።»

«ዛሬ የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም።» የነጠላውን ጥለት አስተካከለ። «እኛ ጋ ቃሬዛ ሲነሳ ወንድ ቤት አይቀርም፤ ነውር ነው። ያን ቀንም ደውለን ሁላችንም ተሸክመን ወጣን። ቀድሞ እዚህ የቆመ ሰው አልነበረም። ስንደርስ አልፎን ሄዷል።»

ማንን ተሸክመው እንደነበር አልነገረኝም። ነጠላውን አይቼ እኔም አልጠየቅኩም።

ጎማው ሳይቀየር ከሶዶ በኩል አምቡላንስ መጣ። አልጋው መሆን በነበረበት ቦታ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበዋል፤ በቀበሌው ለሚደረገው የልማት ሠራዊት ስብሰባ የሚሄዱ ነበሩ። ሰውዬው ነጠላውን ገና ሳያነሳ መኪናው መታጠፊያውን አግኝቶ ወደ ጥርጊያው መንገድ ገባ።

ሰውዬው አቧራው ሳይደርስበት ነጠላውን አጣጥፎ ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠ።